ሰነፉ እሳት፦ ቴርሞዳይናሚክስን ለብቻ የመማር ማስታወሻ

ጥቅምት 1 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

የቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኢነርጂ ጥናት) መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ጎኑን አየሁት። የመጀመሪያዎቹ ስልሳ ገጾች ጠርዛቸው ጠቁሯል። ከዚያ ወዲያ ያሉት አምስት መቶ ምናምን ገጾች ነጭ ናቸው። አራት ኪሎ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስገዛው ሁሉም ነጭ ነበር። የቀድሞው ባለቤትም አልደፈረውም መሰለኝ። ጥቁረቱ የእኔ ጣት ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ "እንደገና ከመጀመሪያው" ብዬ ተነሥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ገጽ ስልሳ አካባቢ ቀርቻለሁ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ የአንድ አስመጪ ድርጅት መዝገብ እይዛለሁ። ከፊዚክስ ጋር ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተለያየን፤ መለያየቱም በሰላም አልነበረም። አሁን ያስገደደኝ ሰው የለም። ዲግሪ አላገኝበትም፤ ደመወዝም አይጨምርልኝም። ነገሩን ያመጣችው አክስቴ ናት።

አክስቴ የድሬዳዋ ሰው ናት። ("አንቱ" አለማለቴን ታዝባችሁ ከሆነ፣ ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ብላት ትቆጣለች።) አምና እኛ ዘንድ ሦስት ሳምንት ስትቀመጥ አንድ ቀን ፉል ልሥራላችሁ አለች። ባቄላውን ሌሊቱን ዘፍዝፋ አሳደረች። በማለዳ ጣደችው። ድሬ ላይ በሚበስልበት ሰዓት እዚህ ገና ጥርስ ይሰብራል። ከሰል ጨመረች፣ አራገበች፣ ውሃው ተንተከተከ። ባቄላው ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ማማሰያውን አስቀምጣ ፈረደች።

"የአዲስ አበባ እሳት ሰነፍ ነው።"

ሳቅን። እኔም አዋቂ ለመምሰል "እሳቱ አይደለም፣ ከፍታው ነው" አልኳት።

"ከፍታው ምን ያደርገዋል?"

ዝም አልኩ። መጽሐፉን ለአራተኛ ጊዜ ያስከፈተኝ ያ ዝምታ ነው።

ዘንድሮ ምዕራፍ በምዕራፍ አልሄድም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዣለሁ፤ እሳቱ ሰነፍ ነው ወይስ አይደለም? መለካት የሚቻለውን ሁሉ ወጥ ቤት ውስጥ እለካለሁ። የሚያናድደኝንም እዚሁ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

አንድ ሳምንት ሙሉ አራት ገጽ። በደብተሬ ወደ አማርኛ የመለስኩት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "በረዶው እየቀለጠ ሳለ ሙቀት ቢጨመርለትም ሙቀቱ አይጨምርም።" ሰባት ጊዜ ያህል አነበብኩት። ወይ ደራሲው አብዷል ወይ እኔ።

ዛሬ ነቃሁ። ጥፋቱ የቃል ነው። የማነበው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የማስበው በአማርኛ ነው። አማርኛው ደግሞ ለሁለት ነገር አንድ ስም ሰጥቶኛል። የአየር ትንበያውን አስቡት፤ "ከፍተኛው የሙቀት መጠን 24 ዲግሪ ሴልሺየስ"። የሙቀት መጠን! ቃሉ ሲበተን ምን ያህል ሙቀት እንዳለ የሚነግር ይመስላል። ቴርሞሜትር ግን እሱን አይናገርም። አንድ ሲኒ ትኩስ ቡናና አንድ በርሜል ለብ ያለ ውሃ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ፣ በዲግሪ የሚበልጠው ሲኒው ነው። ብዙ ኢነርጂ ያለው ግን በርሜሉ ውስጥ ነው።

("ኃይል" ያላልኩት አውቄ ነው። ፎርስም ኃይል፣ ፓወርም ኃይል፣ ኢነርጂም ኃይል የሚባልበት አገር ውስጥ ፊዚክስ መማር ሌላ ፈተና ነው።)

ከዛሬ ጀምሮ ደብተሬ ላይ ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው የሚሻገረው "ሙቀት"፣ ቴርሞሜትሩ የሚያነበው "ቴምፕሬቸር" ነው። የቋንቋ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። ያ ዓረፍተ ነገርም እንዲህ ሆነ፦ "ሙቀት ቢጨመርለትም ቴምፕሬቸሩ አይጨምርም።" አሁን እብደት አይመስልም። ሊለካ የሚችል ነገር ሆነ።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አገኘሁ። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 በፈረንጆቹ ስለ ሙቀት ሞተሮች ሲጽፍ፣ ሙቀት "ካሎሪክ" የሚባል የማይጠፋ ፈሳሽ ነው ከሚለው ከዘመኑ እምነት ተነሥቶ ነበር። እምነቱ ስህተት ነበር። የሞተር ብቃት ጣሪያ አለው የሚለው መደምደሚያው ግን ዛሬም ይሠራል። እኔም ይሄው ሙቀትን እንደ ፈሳሽ ሳስብ ነበር የከረምኩት። ሁለት መቶ ዓመት ብዘገይም ከደህና ሰው ጋር ነው የተሳሳትኩት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

መርካቶ ሄጄ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዛሁ። ውሃ ጣድኩ። ሲንተከተክ ጫፉን መሐል ውሃ ላይ ያዝኩ። 92.5። ጠበቅኩ። 92.5። እሳቱን ጨመርኩ። ያው 92.5።

ጥሩ፤ ከመቶ በታች እንደሚሆን ጠብቄያለሁ። ግን ስንት መሆን ነበረበት? ለዚህ የክላውዚየስና የክላፔሮን ቀመር አለ። ግፊት ሲቀንስ መፍያው በስንት እንደሚቀንስ ይነግራል። ስልኬ የአየር ግፊት መለኪያ አለው፤ 768 ሄክቶፓስካል ይላል። በባሕር ወለል 1013 ግድም ነው። ቁጥሮቹን ከተትኩ፣ ሎጋሪዝም ወሰድኩ፣ ገለበጥኩ።

15 ዲግሪ።

እንደዚህ ከሆነ ውሃ አዲስ አበባ ውስጥ በ15 ዲግሪ ይፈላል ማለት ነው። ጠዋት ፊቴን የምታጠበው በተንተከተከ ውሃ ነው። ለብቻዬ ሳቅኩ። ስህተቱንም በአሥር ደቂቃ አገኘሁት፤ የትነት ሙቀቱን በኪሎጁል፣ ሌላውን ቁጥር በጁል አስገብቼ ነው። አስተካክዬ ደገምኩት።

99.4 ዲግሪ።

አሁን ሰው ይመስላል። ከመቶ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ያምራል። ታዲያ ቴርሞሜትሩ ለምን 92.5 ይላል? ሰባት ዲግሪ! የተበላሸ ዕቃ ሸጠውልኛል ማለት ነው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ከሥራ ወጥቼ መርካቶ ሻጩ ጋ ሄድኩ። "ሰባት ዲግሪ ይሳሳታል" አልኩት። ሰውዬው በትዕግሥት ሌላ ከፍቶ ሁለቱን በብብቱ ያዛቸው፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ። 36.1 እና 36.2። "ጋሼ፣ ሁለቱም እኔን ደህና ነህ ብለውኛል" አለ። ዙሪያው ያሉት ሳቁ። ገና ጋሼ የምባልበት ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ እሱም ተጨምሮ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ቀመሩን አምስት ጊዜ ሠራሁት። አምስቱንም ጊዜ 99.4። ውሃውን ሦስት ጊዜ አፈላሁት። ሦስቱንም ጊዜ 92 ተኩል። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። በሻማ ስድስተኛውን ጀምሬ እርሳሱን ወረወርኩት። እርሳሱ ምን አደረገ?

በዚህ ሰዓት ጭንቅላት የሚያወራውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይሄ ለአንተ አልተፈጠረም። ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ልጆች የሚሠሩትን አቃተህ። የፊዚክስ መምህራችን ከጥቁር ሰሌዳው ሳይዞሩ "ግልጽ ነው" ይሉ ነበር። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ግልጽ ነው። ግልጽ ነው።

"ራስህን አነሣሣ" የሚል ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውዬው ሃያ ደቂቃ ጮኸብኝ። ሲጨርስ ውሃው አሁንም በ92.5 ይፈላል።

መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ መለስኩት።

ኅዳር 4፣ ኀሙስ

አሥራ አንድ ቀን አልከፈትኩትም።

ዛሬ ቢሮ የወር መዝጊያ ነበር። የባንኩ መግለጫና የእኛ መዝገብ በ4,320 ብር ተለያዩ። አጠገቤ ያለችው አዲሷ ልጅ ፊቷ ልውጥ አለ። "አይዞሽ፣ መጀመሪያ ለዘጠኝ አካፍይው" አልኳት። ለዘጠኝ እኩል ከተካፈለ ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ሁለት አኃዝ ቦታ ተቀያይሯል ማለት ነው። 480 ሆነ፤ እኩል ተካፈለ። ተያይዘን ስንወርድ 18,650 መባል የነበረበት 13,850 ሆኖ... አይ፣ እሱ 4,800 ነው የሚያለያየው፤ እንደዚያ ብለን ሃያ ደቂቃ ባከንን። እውነተኛው ሌላ ነበር፤ አንድ ቼክ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ዘጠኙ በአጋጣሚ ነው የተካፈለው። ምንም አይደለም። ተገኘ፣ ተዘጋ፣ ቡና ጠጣን።

ሲኒውን እንደያዝኩ አንድ ነገር ገረመኝ። 4,320 ብር ጠፍቶ አልተናደድኩም። የተሳሳተ ፍንጭ ይዤ ሃያ ደቂቃ ባክኜ አልተናደድኩም። "ይሄ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረም" የሚል ሐሳብ ወደ ጭንቅላቴ ዝር አላለም። ልዩነት ማለት የሆነ መስመር ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፤ መስመሩን ትፈልጋለህ። ማታ ቤት ገብቼ ሰባት ዲግሪ ሲለያይብኝ ግን ልዩነቱ መስመር ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ማታ አዲስ ደብተር አሠመርኩ፣ ልክ እንደ ማስታረቂያ ቅጽ። በግራ ያልታረቀው፣ በቀኝ የታረቀበት ቀን። የመጀመሪያው መስመር ላይ "ቀመሩ አልገባኝም" ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። እንዲህ ብላ ወረቀት የምታመጣልኝን ልጅ ምን እላት ነበር? የትኛው ሒሳብ? በየትኛው ቀን? ስንት ብር? ሰረዝኩት። በምኑ እንደምተካው ግን አላወቅኩም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አክስቴ ደወለች። ሰላምታው፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ዋጋ። ከዚያ "ያ እሳትህስ?" አለች። ተውኩት አልኳት።

"ለምን?"

"አልገባኝም።"

"ምኑ?"

"እንዴ፣ ሁሉ ነገሩ።"

"አቦ! ሁሉ ነገር የሚባል የለም። ምኑ ነው ያልገባህ?"

ተናደድኩ። እሺ ላሳይሽ ብዬ ቀመሩን ከነምልክቱ በስልክ አነበብኩላት። ይሄ ግፊት ነው። ይሄ አንድ ሞል ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። ይሄ ቋሚ ቁጥር ነው። ይሄ ቴምፕሬቸር ነው፤ አንድን ለዚህ ታካፍያለሽ...

"እሱ ስንት ነው?"

"መቶ።"

"ከየት ተነሥቶ ነው መቶ የሆነው?"

ከዜሮ ልላት አፌን ከፈትኩ። ዜሮው ደግሞ በረዶ የሚቀልጥበት ነው። ደግሞ እሱ ዜሮ እውነተኛ ባዶ አይደለም፤ ሰው ለአመቺነት የመረጠው ነው። እውነተኛው ባዶ ከዚያ በ273.15 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ኬልቪን! ማካፈል የሚቻለው ከእውነተኛው ባዶ የተቆጠረውን ነው። ይሄን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ በቀለም ሁሉ አስምሬበታለሁ።

በእኔ ቋንቋ፣ ካምና የዞረውን ሒሳብ ትቼ የዘንድሮውን እንቅስቃሴ ብቻ ይዤ ነው መቶኛ ስሠራ የከረምኩት። ለዚህ ስህተት ሠራተኛ ደብዳቤ ይጻፍበታል።

"ቆይ ልደውልልሽ" ብዬ ዘጋሁባት። ከ100 ይልቅ 373.15 አስገባሁ። 365.4 ኬልቪን። ከዚያ ላይ 273.15 ሲቀነስ 92.3።

92.3! ጮኽኩ። ጎረቤት አንኳኳ።

ደብተሩ ላይ በግራ የጻፍኩት፦ "ቀመሩ ውስጥ በሴልሺየስ አካፍዬ ነበር።" በቀኝ፦ "ኅዳር 7።" የሚገርመኝ 15 ዲግሪው አይደለም። እሱ ሞኝ ስለሆነ በአሥር ደቂቃ ተያዘ። ሦስት ሳምንት የበላኝ 99.4 ነው፤ ልብስ የለበሰ ስህተት ስለሆነ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ቴርሞሜትሩን ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅርታው ፍተሻ ነበር። በረዶ ቀጥቅጬ ብርጭቆ ሞላሁ፣ ትንሽ ውሃ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ። የበረዶ መቅለጫ እንደ መፍያው ከፍታ አይበግረውም፤ ዜሮ መሆን አለበት። 0.3 አነበበ። ስለዚህ 92.5 ያለኝ በእርግጥ 92.2 ነው። ከስሌቱ የሚለየው በአንድ አሥረኛ ዲግሪ።

በዚያው በረዶውን ከነውሃው ትንሽ ድስት ውስጥ ገልብጬ በስሱ እሳት ጣድኩት። እያማሰልኩ በየደቂቃው ጻፍኩ። 0.3፣ 0.3፣ 0.3፣ 0.4፣ 0.3። ዘጠኝ ደቂቃ። እሳቱ ከሥር ይነዳል፤ ቁጥሩ አይነቃነቅም። የመጨረሻዋ ጠጠር ስትጠፋ ወዲያው መውጣት ጀመረ። 1.2፣ 3.5፣ 6... የጥቅምት 9ኙ ዓረፍተ ነገር እጄ ላይ ተፈጸመ። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ወደ 334 ኪሎጁል ይፈልጋል። ያው ኢነርጂ ውሃ ሆኖ ቢያገኘው 80 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል።

መጽሐፉ ይሄን በሁለት መስመር ነው የጻፈው። ለእኔ ማማሰያ ይዤ የቆምኩባት ዘጠኝ ደቂቃ በለጠችኝ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

የውሃ ማፍያው ማንቆርቆሪያ ሥሩ ላይ 220 ቮልት፣ 1,500 ዋት ይላል። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 301 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ በ1,500 ዋት 201 ሰከንድ። ክዳኑን ከፍቼ፣ ቴርሞሜትሩን ነክሬ፣ በሰዓት ያዝኩት። 252 ሰከንድ።

የ51 ሰከንድ ልዩነት። ያው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የድሮው ሰውዬ "አየህ፣ አቃተህ" ብሎ ተነሣ። ደብተሩን አውጥቼ በግራ በኩል ጻፍኩበት፦ "51 ሰከንድ።" ዝም አለ።

መልቲሜትር ከጎረቤት ተዋስኩ። ሶኬቱ 201 ቮልት! የማሞቂያ ፓወር በቮልቴጅ ካሬ ነው የሚሄደው። ስለዚህ 1,500 የተባለው ቤቴ ውስጥ 1,250 ግድም ነው። በእሱ ሲሰላ 241 ሰከንድ። የቀሩት 11 ሰከንዶች የማንቆርቆሪያው አካል ራሱ የሞቀበትና በክፍቱ ክዳን የወጣው ይመስለኛል። በሰውኛ፣ ከ51ዱ 40ው የመብራቱ ነው። ስንቱን በራሴ ላይ ስቆጥረው ነበር!

የኢነርጂ መለኪያው የተሰየመበት ጀምስ ጁል የእንግሊዝ ቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተመረቀም። በ1840ዎቹ በፈረንጆቹ ክብደት እየጣለ፣ መቅዘፊያ እያሽከረከረ፣ የውሃን ቴምፕሬቸር በጥቂቱ ሲያሳድግ ኖረ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ አልሰማውም፤ ልዩነቶቹ በጣም ጥቃቅን ነበሩ። ልዩነት ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው። በልቤ ሒሳብ ክፍል ቀጥሬዋለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ኤንትሮፒ፤ ኢነርጂ ምን ያህል እንደተበተነ የሚለካ ቁጥር። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ደብተሩ ላይ "ኤንትሮፒ አልገባኝም" ብዬ ጽፌ የአክስቴ ድምፅ መጣ። ምኑ? መጽሐፉን መስመር በመስመር በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። የቆምኩት ፊዚክሱ ጋ አልነበረም። የቆምኩት ያቺ አንገቷን የጠመዘዘች ዲ ጋ ነው፤ የፓርሻል ዴሪቬቲቭ (ሌላው ሳይነካ አንዱ ሲለወጥ የሚመጣው ለውጥ) ምልክቷ። ፊደሏን ሳልቆጥር ዳዊት ልደግም ተቀምጬ ነበር።

መጽሐፉን ዘግቼ ነፃ የሒሳብ ቪዲዮዎች ካን አካዳሚ ላይ ከፈትኩ። ለሒሳብ ሠራተኛ ሒሳብ መማር ትንሽ ያሳፍራል። ግን የእኛ ሒሳብ መደመርና መቀነስ ነው፤ ሌላው ማስመሰል ነው።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ተመለስኩ። አንድ ሊትር በ80 ዲግሪ፣ አንድ ሊትር በ20። ቀላቀልኳቸው። በወረቀት 50 መሆን አለበት፤ የለካሁት 48.6። ድስቱና አየሩ ድርሻቸውን ወስደዋል፤ ይሄን አሁን ያለ ንዴት እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ኢነርጂውን አየሁ። አንዱ የሰጠው፣ ሌላው የተቀበለው፤ ዴቢትና ክሬዲት፣ እኩል። ይሄን ሕግ እንደ ወንድሜ አውቀዋለሁ። ከዚያ ኤንትሮፒውን ሠራሁ፣ በኬልቪን (!)። ድስቱንና አየሩን ትቼ የወረቀቱን 50 ብወስድ፣ ትኩሱ የቀነሰው ቀዝቃዛው ከጨመረው ያንሳል። ልዩነቱ 36 ጁል በኬልቪን ግድም። ከየት መጣ? ማን ከፈለው?

ማንም። ስህተት ፍለጋ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ፤ ስህተት የለም። ይሄ ዓምድ አይታረቅም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውዚየስ በ1865 በፈረንጆቹ ስሙን ሲያወጣለትም ያለው ይሄንኑ ነው፤ የዓለም ኤንትሮፒ ወደ ከፍተኛው ያመራል። አሥራ ሁለት ዓመት መዝገብ ስይዝ፣ ወደ አንድ በኩል ብቻ የሚያድግና ኦዲተር የማይከስበት ዓምድ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ግን ያልተዋጠልኝን በጣቴ ላሳያችሁ እችላለሁ፤ ገጽ 214፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር።

ጥር 3፣ እሑድ

ለገና ድሬዳዋ የሚወርደው የአጎቴ ልጅ ቴርሞሜትሩን ይዞላት ሄደ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የእኛ ሰፈር ከ2,300 በላይ። በስሌቴ ድሬ ላይ ውሃ በ96 ዲግሪ ግድም መፍላት አለበት። ቁጥሩን ጽፌ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዛሬ ደወለች።

"104 ይላል!"

ሆዴ ባዶ ሆነ። 104? በየትኛውም የኢትዮጵያ ስሌት 104 የለም። ዳሎል እንኳ ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከመቶ ዲግሪ የሚያልፈው በጥቂቱ ነው። ሦስት ወር ሙሉ... ቆይ። ምኑ?

"አክስቴ፣ ጫፉ የት ነው ያለው?"

"ድስቱ ውስጥ ነዋ።"

"ታች ነክቷል?"

"በደንብ አስደግፌዋለሁ። ለምን ይወድቃል?"

ጫፉ ከሰሉ ያጋለውን የድስት ሥር እየለካ ነው። "አንሥተሽ ውሃው መሐል ያዢው" አልኳት። እጇን እንፋሎት ሲገርፋት ሰማሁ፤ እኔንም ሰደበችኝ። ከዚያ "96... 96.2። ቆመ" አለች። ሦስት አሥረኛውን ቀነስኩ፤ 95.9። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ።

እና ነገርኳት። ውሃ ሲፈላ እንፋሎቱ ከላይ የተጫነውን አየር ገፍቶ ነው አረፋ የሚሆነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ በ92 ይገፋዋል፣ እዚያ እስከ 96 መድረስ አለበት። አንዴ ከፈላ ደግሞ ከሰል ብትከምሪበት ዲግሪው አይነሣም፤ ትርፉ እሳት ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ይውላል። ባቄላው የሚያውቀው የተቀመጠበትን ውሃ ቴምፕሬቸር ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን አሥር ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል በሚለው የኬሚስቶች ግርድፍ ግምት ቢሄዱ፣ የማብሰያው ሰዓት ወደ ሲሶ ይጨምራል። ፕሬሸር የምንለው አፉ የሚቆለፍ ድስት የሚፈጥነውም እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ነው።

ዝም ብላ ሰማችኝ። አክስቴ ዝም ብላ ስትሰማ ይሄ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

"ስለዚህ እሳቱ አልሰነፈም።"

"አልሰነፈም።"

"ውሃው ነው የማይችለው።"

"እንደዚያ ማለት ይቻላል።"

"እሺ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም።"

"ምኑ?" አልኳት። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

"ሲፈላ ጨው ስነሰንስበት ቡልቅ ብሎ ይነሣና ወዲያው ዝም ይላል። እሱስ?"

ደብተሩን ከፍቼ በግራ በኩል ጻፍኩ፦ "ጨው። አንደኛ፣ ለምን ይነሣል። ሁለተኛ፣ ለምን ዝም ይላል።" መጽሐፉን አገላበጥኩ። ስለ ሙሙት (ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እንደሚሆነው) የሚያወራው ምዕራፍ አሥራ አንድ ነው፣ ገጽ 388። ገጾቹ ተጣብቀው ነበር፤ በጥፍሬ ለያየኋቸው።